ለዛሬው ሰርግ ሌንስ የቀየርኩበት ምክንያት

«ልጄ፣ ከኋላ ያለውን እንዳታደበዝዝብኝ» አሉኝ የሙሽሪት እናት፣ ገና ካሜራዬን ከቦርሳ ሳላወጣ።

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ ሰርግ ላነሳ ሄጄ ነው። ለሰርግ ሁሌ የምይዘው ሰማንያ አምስቱን ሌንስ ነው። ፊት ቁልጭ አድርጎ ያወጣል፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ ጉም ያደርገዋል። (የሚያዛጋ አጎት አይታይም፣ በቃ ሰላም ነው።)

እሳቸው ግን የግቢውን በር አሳዩኝ። ቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ምልክት ተደርጎበታል። የጎረቤታቸውም በር ላይ እንዲሁ ነበር አሉኝ። አሁን እዚያ ቤት የለም፣ ሜዳ ነው።

ሃያ አራት ሰባውን ዙም ገጠምኩ። እሱ ከቅርብም ከሩቅም ይሠራል፤ ፊቱንም ቤቱንም ይይዛል።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች እንደ ወጉ በሩ ፊት ተደርድረው «አናስገባም!» አሉ፣ እየሳቁ።

ሌንሱን አሰፋሁት። ቀዩ ምልክት ከራሳቸው በላይ ፎቶው ውስጥ ገባ። በሜዳው በኩል ደግሞ የቆመ ዶዘር ገባ።

እናትየው አልዘፈኑም። አጠገቤ ቆመው ሚዜዎቹ ሲለማመጡ እያዩ፣ ቀስ ብለው «እነዚህስ ለምነው ነው የሚገቡት» አሉኝ።

እናንተስ፣ ዛሬ የሌለ ቤት ከኋላ የሚታይበት ፎቶ አላችሁ? ኮመንት ላይ አሳዩኝ። ያልደበዘዘውን።