ለትንሽ ሞተር ትልቅ ወናፍ

ሰፈሩ ሁሉ ኮምጣጤ ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ፊቱ ነው። የመኪና ኮፈን በከፈተ ቁጥር አፍንጫው ይሸበሸባል፣ የላይኛው ከንፈሩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ባለመኪናው ገና ምን እንደተበላሸ ሳይነገረው ማፈር ይጀምራል። ኮምጣጤ ሞተር የሚመረምረው መጀመሪያ በአፍንጫው ነውና። የተቃጠለ ዘይት፣ ውሃ የገባበት ዘይት፣ ሳይቀየር የከረመ ዘይት፣ ክርፋታቸው ለየቅል ነው። ጸጉሩ በዚህ ሥራ ሸብቷል፤ ክርፋቱን ግን እስከ ዛሬ አለመደውም። ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰበትን ዕቃ እንዲህ አድርጎ ሲያበሰብሰው ማየት ያንገሸግሸዋል።

ጋራዡ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል። ሞተር የሚፈታበት ባንኮ በየማለዳው በሳሙና ይታጠባል። ቁልፎቹ ግድግዳው ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰቅለዋል። ደጃፉ ላይ እርጥብ ጆንያ ተነጥፏል፤ ጫማውን ሳይጠርግ የገባ ሰው ያንን ፊት ያገኛል።

በዚያ ሰሞን ባንኮውን ይዞት የነበረው የሚስቱ ወንድም ሞተር ነው። ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ሲበላም ሲናገርም ስለሚቸኩል ዘመድ አዝማዱ ጥድፊያ ይለዋል። የመኪና ክበብ አባል ነው። ክበቡ በየዓመቱ መኪኖቹን አንድ በአንድ ተራራ እያስወጣ ያወዳድራል፤ መንገዱ ከላይ እስከ ታች ኩርባ ነው፣ በግራ በኩል ደግሞ ገደል። ጥድፊያ ለዚህ ውድድር ትንሿን መኪናውን ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ሊያስገጥማት ፈለገ። ኮምጣጤም ሞተሯን እስከ መጨረሻው ብሎን በትኖ እንደገና ሠራት። ፒስተኖቹን አንዱ ካንዱ እንዳይከብድ በሚዛን እየለካ ፋቃቸው። ፒስተኖቹን የሚይዙትን ቢዬላዎች ቀየረ። በሕይወቱ ከሠራቸው ሞተሮች ሁሉ እንደዚህች የተደሰተባት የለም። የቀረው ቱርቦው ብቻ ነበር። እሱንም መርጦ፣ መዳፍ የምታክል ትንሽ ቱርቦ አስመጥቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል።

አንድ ረፋድ ላይ ጥድፊያ የከበደ ማዳበሪያ ተሸክሞ ገባ። ጫማውን አልጠረገም። ማዳበሪያውን የታጠበው ባንኮ ላይ ዘጭ አደረገው።

“ጋሼ፣ ሳንባውን አገኘሁት።”

ኮምጣጤ ማዳበሪያውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ቱርቦ ነው። ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

“ከምን የወጣ ነው?”

“ከጭነት መኪና። ሻጩ እንደ አዲስ ነው ብሎኛል።”

“አዲስ ዕቃ ምን በወጣው ቀለም ይቀባል?”

“አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ይሸትሃል።”

ኮምጣጤ ጣቱን የቱርቦው ዘይት መግቢያ ውስጥ ከተተና አወጣው። የወጣው ዘይት አይባልም፤ ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ እንደሚተኛ ውሃ የሚከረፋ አተላ ነው። ቀፈፈው። ጣቱን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ወደ ቧንቧው ሄደ።

“ይጸዳላ፣” አለ ጥድፊያ ከኋላው።

“መጽዳቱንስ ይጸዳል። ትልቅ መሆኑን በምን ላጥበው?”

“ሳንባ ሲተልቅ ትንፋሽ ይበዛል። ራስህ አይደለህ እንዴ ያልከው?”

እውነት ነው፤ ራሱ ነው ያለው። ድሮ ደንበኛ “ቱርቦ ምንድን ነው?” ብሎ ሲያደርቀው በአጭሩ ለመገላገል “የሞተር ሳንባ ነው” ይል ነበር። ቃሉ ከጋራዡ ወጥቶ በሰፈሩ ተዛመተ። ይኸው ዛሬ እያንዳንዱ ጋዝ ረጋጭ “ትልቅ ሳንባ ግጠምልኝ” እያለ ይመጣበታል። ኮምጣጤ የገዛ ቃሉን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እንደ ከረመ ዘይት ሸተተው።

“ስማኝ፣” አለ እጁን ሁለተኛ ጊዜ በሳሙና እያሸ። “ሳንባ ማለቱን ተወው። ወናፍ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ አይተህ የለ? ወናፉን የሚያስነፋው ክንድ ነው። የዚህ ወናፍ ክንድ ከሞተርህ የሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ መዘውሩን ያሽከረክራል፣ መዘውሩ አየሩን ወደ ሞተሩ ይገፋል። የጭነት መኪና ጭሱ ብዙ ነው፣ ይህን ያዞረዋል። ያንተዋ ትንሽ ነች። ሞተሯ በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር እስክትደርስ ይህ ጎረምሳ ተኝቶ ይጠብቅሃል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ያለ የሌለ ጉልበቱን ባንዴ ይለቅብሃል። ኩርባ መሃል ላይ።”

“እሱንማ እይዘዋለሁ።”

“በምንህ?”

“በእጄ ነዋ። አንተ ካልገጠምክልኝ ደግሞ ማዶ ያለው ጋራዥ ነገውኑ ይገጥምልኛል። ጠይቄው መጥቻለሁ።”

ኮምጣጤ የማዶውን ጋራዥ ያውቀዋል። ብሎን በመዶሻ የሚያስገቡ፣ በአንድ ጨርቅ ሞተርም አፍም የሚጠርጉ ሰዎች ናቸው። ቱርቦ ስለሚገፋው አየር ግፊት ልክ ጨርሶ አይጨነቁም።

ምሳ ላይ ነገሩን ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ነች፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰማችው፣ ከዚያ አወጣችና ጨርቁ ላይ ሰካቻት።

“እምቢ ብትለው ይተዋል?”

“ወንድምሽን አታውቂውም?”

“ስለማውቀው ነው የምጠይቅህ። አንተ እምቢ ስትል ሌላው ይገጥምለታል። እኔ ደግሞ ወንድሜን ከገደል ሥር ሄጄ አልለቅምም።”

“እና ያንን ቆሻሻ በገዛ እጄ ልግጠም?”

“እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ። ብቻ ተራራው ላይ ያንን ይዞ አይውጣ።”

ኮምጣጤ እጁን ታጥቦ ከማዕዱ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ጥድፊያን አስጠራው። “እገጥምልሃለሁ። ግን የመጀመሪያውን ቀን እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ መንገዱን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ግፊቱንም ዝቅ አድርጌ ነው የማስረው። ካልተስማማህ ማዶ ተሻገር።” ጥድፊያ ተስማማ። በዚያ ችኮላው ምን ቢሉት ይስማማ ነበር።

ማጽዳቱ ከሥራው ሁሉ የከፋው ሆነ። አተላው በናፍታ አልለቅ ሲለው በእንጨት እየጫረ አወጣው። መሃሉ ላይ የሞተ በረሮ ተጣብቆ አገኘ። ከቀለሙ ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ሌላ ቀለም። የሚገርመው ዘንጉ ደህና ነበር፤ አይወላወልም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ደህና ዕቃ በአተላ ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ የሸጠውን ሰው ፊት ለፊት ቢያገኘው ያችኑ በረሮ ያስውጠው ነበር። የተቀባውን ሁሉ ሲፍቅ ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ቀለም ግን አልወጣ አለ። ከዚያ ገጠመው፤ እንደ ደንቡ፣ አየር እንዳያመልጥ በአዲስ ጓርኒሲዮን፣ በልክ አጥብቆ። ክፉ ዕቃም ቢሆን ክፉ አገጣጠም አያውቅም።

የመረጠው መንገድ ሥራ ወዳቆመ የድንጋይ ካባ የሚወስደው ነው። ኩርባ አለው፣ ገደል የለውም፤ በግራ በኩል አረንጓዴ ውሃ የተኛበት ቦይ ብቻ። ገና መንገዱ ሲጀመር ቱርቦው ላይ የቀረው ቀለም ጋለና መጨስ ጀመረ። የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ግማት ጋቢናው ውስጥ ሞላ። ኮምጣጤ መስኮቱን አወረደ።

“ሳበው፣” አለ።

ጥድፊያ ኩርባው ላይ ጋዙን ረገጠ። መኪናዋ ምንም አላለችም። ጨመረበት። አሁንም ምንም።

“ሞታለች እንዴ?”

“ተኝታለች። ቀስ በል።”

ጥድፊያ ቀስ ማለት የት ያውቃል፤ እስከ ወለሉ ረገጠው። ኩርባው ሊያልቅ ሲል ጎረምሳው ነቃ። ወንበሩ ጀርባቸውን መታቸው፣ የኋላ ጎማዎቹ መንገዱን ለቀቁ፣ መሪው በጥድፊያ እጅ ውስጥ ፈራጅ ያጣ ነገር ሆነ። መኪናዋ ዞረች፣ እንደገና ዞረች፣ ከዚያ በግራ ጎኗ ቦዩ ውስጥ ሰምጣ ቆመች። አረንጓዴው ውሃ በመስኮቱ በኩል ተረጭቶ ሁለቱንም አጠባቸው።

ሞተሩ ጠፋ። ኮምጣጤ አንገቱን ዳሰሰ፣ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ከከንፈሩ ላይ አረንጓዴውን አተላ ጠርጎ እንትፍ አለ። ጥድፊያ ኮምጣጤን ተከትሎ ከላይ ባለው በር ወጥቶ መንገዱ ዳር ተንበረከከና አስመለሰ። እጁ ላይ ሳይቀር አስመለሰ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ፤ ቦዩን ያያል።

“በዚህ በኩል ነው፣” አለ።

“ምኑ?”

“ገደሉ። ተራራው ላይ… በዚህ በኩል ነው።”

ኮምጣጤ የሚጎትታቸው መኪና ፍለጋ ወደ መንገዱ ወጣ።

የሰፈር ጭነት መኪና ጎትቶ ጋራዥ አደረሳቸው። ጥድፊያ ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አንስቶ ወደ ቱርቦው ሊጎነበስ ሲል ሙቀቱ ፊቱን ገረፈው።

“ተው፣ ይቀዝቅዝ፣” አለው ኮምጣጤ። “የጋለ ብሎን ይሰበራል።”

ጥድፊያ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሕይወቱን ሙሉ የሆነ ነገር እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያየው ሰው የለም።

“ጋሼ፣ ትንሿ ቱርቦ የት ናት?”

“መደርደሪያው ላይ፣ ጨርቅ ውስጥ።”

“ይህኛው እስኪበርድ ድረስ ላውጣት?”

ኮምጣጤ የጥድፊያን እጆች አየ። አረንጓዴ አተላ፣ ጭቃ፣ ትውከት። አፍንጫው ተሸበሸበ።

“ሳሙናው እዚያ ነው፣” አለ ወደ ቧንቧው በአገጩ እየጠቆመ። “ጥፍርህን ሥሩን ጭምር።”