ጋሽ አንተክትክ እና የእህቱ ወተት

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ምግብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰለውን ሰው በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ረዳቶቹን ከጧት እስከ ማታ «አንተክትኩት!» እያለ ሲያዝ የሰሙ ሠራተኞች «ጋሽ አንተክትክ» አሉት፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሰው የማያምን ሰው ነበር። ውሃውን ይጠረጥራል፤ ነጋዴውን ይጠረጥራል፤ ረዳቶቹ ጨው ሲጨምሩ እንኳ ከእጃቸው ላይ ዓይኑን አይነቅልም። በዚህ ዓለም ያመነው እሳትን ብቻ ነበር። «እሳት ያየው ነገር ሰው አይጎዳም» ይል ነበር።

ወተት የምታቀርብለት ታናሽ እህቱ ነበረች። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታኖረው የሁለት ላሞቿን ወተት በእሱ አማላጅነት ለፋብሪካው እያስረከበች ነው። ይህም ሆኖ ጣሳዋን በየማለዳው ሳያሸት አይቀበላትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ታሸተዋለህ? እኔ እኮ እህትህ ነኝ።»

«ላሚቱ እህቴ አይደለችም» ይላታል።

አንድ ሰኞ ጧት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ አየች። ሳይፈልግ ፈታችው፤ ጣቱ አብጦ፣ በጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሯል።

«ይኼ መታከም አለበት። ዛሬ ምግብ አትንካ።»

«ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ ጫረኝ፤ ምን አለበት? ይልቅ አንቺ ጣሳሽን በደንብ እጠቢ።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» ብላ ስቃ ሄደች።

የዚያን ቀን ምሳ ሩዝ በወተት ነበረ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሰለ። ምድጃው ለሾርባ ስለሚፈለግ ሩዙን በሰፋፊ ትሪ ዘርግቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ የተጓጎለውንም እንደ ልማዱ በጣቱ እየፈረከሰ አላላው። እርጥቡ ጨርቅ ከጣቱ ሲንሸራተት መልሶ ጠመጠመው። ሩዙ በሞቀው ክፍል ውስጥ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ወደ ድስቱ መልሶ፣ ወተት ጨምሮ፣ እስኪንተከተክ አፈላው። ከዚያም በሙሉ ልብ አቀረበ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሽመና ክፍሉ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። አርባ ሰው አስመለሰው። ሽማግሌው ጥበቃ ሰውነቱ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ በቃሬዛ ተወሰደ፤ ሦስት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኛ።

ሥራ አስኪያጁ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ምን አበላሃቸው?» አለ።

ጋሽ አንተክትክ አሰበ። ውሃው ፈልቷል፤ ሩዙ ፈልቷል፤ እሳት ሊከዳው አይችልም። «ወተቱ ነው» አለ። «የእህቴ ወተት» አላለም፤ «የሴትዮዋ ወተት» አለ እንጂ።

በማግስቱ እህቱ ከፋብሪካው በር ከነጣሳዋ ተመለሰች። ወሬው ቀድሟት ሰፈር ደርሶ ነበርና ጎረቤት እንኳ አንድ ኩባያ የሚገዛት አጣች። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱንም ላሞች ሸጠች።

በዚያው ሰኞ ከጤና ቢሮ የመጣችው ወጣት መርማሪ ግን ከድስቱ ግርጌ ሩዝ፣ ከዕለቱ የተረፈ ጥሬ ወተት፣ ከአብሳዩ ጣት መግል ወስዳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች።

«አባቴ፣ ወተቱ ንጹሕ ነው። ሩዙ ውስጥ ያገኘነው መርዝ ነው፤ መርዙን የሠራው ተሕዋስ ደግሞ እርስዎ ጣት ላይ ያለው ነው።»

«አፍልቼዋለሁ እኮ! ሁለት ጊዜ!»

«መጀመሪያ ሲያፈሉት ጣትዎ አልነካውም። የነካው ከምድጃው ከወረደ በኋላ ነው። ይህ ተሕዋስ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ቁስል ሲያገኝ መግል ያስይዛል፤ ሞቅ ያለ ምግብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይራባና መርዙን ይተፋል። ሁለተኛው እሳት ተሕዋሱን ገድሎታል። መርዙን ግን መንተክተክ አያጠፋውም። ሰዎቹ ወዲያው ያስመለሳቸውም የተዘጋጀ መርዝ ስለበሉ ነው።»

አጠገባቸው የቆመችው ረዳት ጉሮሮዋን ጠረገች። «የአብዬን ወደ እምዬ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

የዚያኑ ዕለት ጋሽ አንተክትክ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ ከኋላዋ ያለው በረት ተጠርጎ ባዶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወተቱ አልነበረም። ጣቴ ነው።»

እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቀና አለች። «ጣትህ ዳነ?»

«ድኗል።»

«እሰይ።»

«ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ወተትሽን ይቀበላሉ።»

«ከየትኛዋ ላም?»

ባዶውን በረት አየ። መንገዱ አድክሞት ላቡ ይንጠፈጠፋል። እሷም ያሳደጋት ነውና ልቧ አልቻለም፤ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ከቤት በብርጭቆ ውሃ አመጣችለት። ተቀበላት፤ ወደ አፉ አስጠጋው፤ ከከንፈሩ በፊት ግን አፍንጫው ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት በኖረበት ልማድ ሳያስበው አሸተተው።

እህቱ አየችው። ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋችና ወደ አጠባዋ ተመለሰች።