አራት ሰዓት ላይ ተመልሼ እነግራችኋለሁ

በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የሚቀመጡ ቤተሰቦች ስሟን አያውቁትም፤ "ያቺ የምትመለሰዋ" ነው የሚሏት። ቀዶ ጥገናው ሲረዝም፣ የላብራቶሪው ማሽን ሲበላሽ፣ ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ሲይዛቸው በበሩ ብቅ ትልና የምታውቀውንም የማታውቀውንም ትነግራቸዋለች። ቀጥሎ "አምስት ተኩል ላይ ተመልሼ እመጣለሁ" ትላለች። አምስት ተኩል ሲሆን ወሬ ኖረም አልኖረም ትመጣለች። የሕዝብ ግንኙነት ሥራዋ፣ ሰው ፊት የሚታየው ክፍሉ፣ ይኸው ነው። ይህን ግን ክፍል ውስጥ አልተማረችውም። የተማረችው አንድ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ነው፤ ያውም ንግግሩ ሳይጀመር።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ክፍሉ "ጭምቷ" ይላታል። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ተጠይቃም የማትናገርበት ጊዜ አለ። "ሕዝብ ግንኙነት ትማራለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ግን ገና አልተገናኘችም" እያለ የሚስቅባት ራዲዮ የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ ነበር። ራዲዮ የተባለው መክፈቻ እንጂ መዝጊያ ስለሌለው ነው።

በዚያ ሴሚስተር ጭምቷን እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የተግባር ልምምድ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ማግኘት አለበት፤ ያላገኘ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም። የሄደችባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ "እንደውልልሻለን" ብለዋታል። ስልኳን ማታም ጠዋትም ስታየው ከረመች። እናት ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። አንድ ዓመት ልትደግም ነው ቢሏት እህቷ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ምንም አትልም። ዝም ብላ ማበጠሪያዋን ታነሳለች። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ስለዚህ መምህራቸው "ለባለሙያዎቹ ማኅበር ጉባኤ እንግዳ ተቀባይ ተማሪዎች ይፈለጋሉ፤ የማኅበሩ ሰብሳቢም በየዓመቱ ከመካከላቸው አንዱን ቢሯቸው ለልምምድ ይወስዳሉ" ሲሉ እጇን አወጣች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት።

በጉባኤው ቀን ጠዋት እህቷ ፀጉሯን ሠርታ፣ የራሷን ጃኬት አልብሳ፣ መስታወት ፊት አቆመቻት።

"ፈገግ በይ እንጂ! ጥርሱን ተበድረሽው ነው እንዴ?"

"እየሳቅኩ ነው እኮ።"

"ይሄ ሳቅ ከሆነ ማልቀስሽን አታሳዪኝ። በይ ሂጂ። ደግሞ ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ እንዳታነሺ፣ ብብቱ ስር ስፌቱ ላልቷል።"

አዳራሹ በጊዜ ተሰናዳ። ባጆቹ በፊደል ተራ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ፤ የማይኩ ገመድ ሰው እንዳይጠልፍ መሬቱ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ፤ መድረኩ ላይ "መረጃ በጊዜው" የሚል ባነር ተሰቀለ። እንግዶቹ የየመሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባዮችና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ነበሩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የቀረው ተናጋሪው ብቻ ነው። እሳቸው አልመጡም።

ሰብሳቢው ከመድረኩ ኋላ ካለው ጓዳ ክፍል ብቅ ብለው ጭምቷን ጠሯት። "ማንም ቢጠይቅሽ 'አሁን ይጀመራል' በይ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።"

እሷም አለች። የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች ፈገግ ብለው ተመለሱ። ቀጣዮቹ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ "እህት ዓለም፣ ያንቺ አሁን ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አላት።

"አዳራሽ ሙሉ ቃል አቀባይ" አለ አብሯት እንግዳ ሊቀበል የመጣው ራዲዮ በጆሮዋ፣ "አንድ ቃል የሚያቀብል ጠፋ።"

ትንሽ ቆይተው የሆስፒታል ባጅ ያንጠለጠሉ ጠና ያሉ ሴት መጡ። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"የኔ ልጅ፣ የአንድ በሽተኛ ቤተሰቦች እንድደውልላቸው እየጠበቁኝ ነው። ወጣ ብዬ ልደውል ወይስ ሊጀመር ነው?"

"አሁን ይጀመራል" አለች ጭምቷ። አፏ ለምዶታል።

ሴትየዋ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ጭምቷ ጀርባቸውን ስታይ ቆየች። አንድ ቤት ውስጥ ስልክ ከበው የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ስልኩ የማይጮኸው እሷ ባለችው ቃል ነው። ወደ አዳራሹ ዓይኗን መለሰች። አንዱ እግሩን ደጋግሞ ያጣምራል፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልጎ ፈርቷል። ሌላዋ በግማሽ ተነስታ መልሳ ትቀመጣለች። "አሁን" የሚለው ቃል ሁሉንም ወንበራቸው ላይ ቸንክሯቸዋል። ያኔ ነው የገባት፤ "እንደውልልሻለን" ያሏት ሰዎችም የሰጧት ይህንኑ ቃል ነበር።

ወደ ጓዳው ክፍል ገባች። ሰብሳቢው ክራባታቸውን አላልተው ስልክ ይዘው ይንጎራደዳሉ።

"ጋሼ፣ ተናጋሪው የት ደረሱ?"

"የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። ቢፈጥኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እንዳትናገሪ ግን! ሰው አንዴ ከተነሳ አይመለስም።"

"ሽንት ቤት መሄድ እንኳ ፈርተዋል እኮ።"

"ይያዙታ!" አሉና በራሳቸው አፈሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ፣ ለልምምዱ አንቺን አስቤ ነበር። ያዘዝኩሽን ብቻ አድርጊ።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። ዓመት ሙሉ የለፉበት ቀን ፊታቸው ላይ ሊፈርስባቸው ነው፤ ፈርተዋል። ጭምቷም ፈርታለች። ጠረጴዛዋ ጋ ተመለሰች፤ አልተቀመጠችም። የተደረደሩትን ባጆች አስተካከለች፤ የሚስተካከል ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ ወደ መድረኩ ሄደች።

ማይኩ አልበራም። ሰው እንዲያያት ክንዷን ወደ ላይ አነሳች፤ ብብቷ ስር ስፌቱ ጠረር ብሎ ሲሄድ ሰማችው።

"ተናጋሪው መንገድ ላይ ናቸው። የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶባቸዋል። መቼ እንደሚደርሱ አላውቅም፤ እስከ አራት ሰዓት ግን አይጀመርም። ስልክ ያለባችሁ ደውሉ፣ ውጭ ሻይ አለ። አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ቆሜ ያወቅኩትን እነግራችኋለሁ። ምንም ካላወቅኩም አለማወቄን መጥቼ እነግራችኋለሁ።"

አዳራሹ እንደ አንድ ሰው እፎይ አለና ተነሳ። ሰብሳቢው ሲወጡ ያገኙት ባዶ ወንበር ነው።

"በተንሻቸው!"

"ይመለሳሉ።"

"ባይመለሱስ?"

የግድግዳው ሰዓት ሥር ቆመች። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የተናጋሪው ሹፌር ጋ ደወለች። መኪናቸው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"እንዳትወጪ!" አላት ራዲዮ። "ምን ልትያቸው ነው? ወሬ የለሽም እኮ።"

"እሱኑ ነዋ የምነግራቸው።"

"ጃኬትሽም ተቀዷል።"

"ይታያል?"

"ከመጨረሻው ወንበር ድረስ።"

አራት ሰዓት ላይ መድረኩ ላይ ስትወጣ ሰዎቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ እየገቡ ነበር። ሁሉም አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ግን መጥተዋል። ክንዷን ከጎኗ አጥብቃ፣ "እስካሁን አልተንቀሳቀሱም። አራት ተኩል ላይ እመለሳለሁ" አለች።

ያ ወፍራም ሰውዬ ከመሃል፣ "ባትመለሺ እኛ እንመጣብሻለን!" ሲል አዳራሹ ሳቀ። የተቆጣ አልነበረም። ጭምቷን ይሄ ገረማት፤ ባዶ እጇን ብትመጣም ሰዎቹ የሆነ ነገር እንደተቀበሉ ሆነው ወጡ። አራት ተኩል ላይ መንገዱ መከፈቱን ነገረቻቸው። ተናጋሪው ደርሰው ስለ ታማኝነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ራዲዮ እያንዳንዱን ቃል ጻፈ። እሷ ከንግግሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አታስታውስም።

ባነሩ ሲወርድ ሰብሳቢው ጠሯት።

"ሰዉ ተመልሷል፤ አልተመለሰም አልልም። ግን እንዳትናገሪ ያልኩትን ከምትናገር ልጅ ጋር መሥራት አልችልም። ቦታውን ለጓደኛሽ ሰጥቼዋለሁ።"

ጓደኛሽ ያሉት ራዲዮን ነበር። ራዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ይህን ነገር ስታስበው ኖራለች። ሰብሳቢው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ አለቃውን አልፎ የሚናገር ቃል አቀባይ ብዙ አይቆይም። ዛሬ ወደ መጠበቂያው ክፍል ከመውጣቷ በፊት ሐኪሙን "ይህን ልንገራቸው?" ብላ ትጠይቃለች፤ አይሆንም ካሏትም እስኪሆን ትከራከራለች እንጂ ዘላ አትወጣም። ያን ቀን ግን ይህን አታውቅም ነበር። ያን ቀን የምታውቀው ቦታውን ማጣቷን ብቻ ነው።

በሩ ላይ የሆስፒታሏ ሴትዮ ቆመው ነበር።

"ደወልኩላቸው" አሉ። "አንቺስ፣ ልምምድ የምትሠሪበት አግኝተሻል?"

"አላገኘሁም፣ እትዬ።"

"እኛ ጋ ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ኖረም አልኖረም።"

ቤት ስትገባ እህቷ ገና ከበሩ ያዘቻት። "አገኘሽ ወይስ አላገኘሽም?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም ደግሞ ምን የሚሉት መልስ ነው? ኧረ ጃኬቴ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ክንዴን አነሳሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አውቃለሁ።"

ቅዳሜና እሑድ ስልኳን አላየችም። እራቷን በላች፣ ተኛች፣ ጃኬቱን ሰፋች። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እህቷ ፀጉር ቤት ሳለች ስልኩ ጮኸ። እህቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር በግማሽ ተጠቅልሎ ሳለ ማበጠሪያዋን አየር ላይ ይዛ ቆመች።

"ምን አሉሽ?"

"ገና አልተወሰነም አሉኝ። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውላሉ።"

"ታዲያ ምን ያስቅሻል?"

ጭምቷ እየሳቀች እንደሆነ አላወቀችም ነበር። መስታወቱ ውስጥ አየችው። ደንበኛዋም አየችው። እህቷ ማበጠሪያዋን መልሳ ፀጉሩ ውስጥ እየከተተች፣

"እንዲህ ሳቂ ነበር እኮ ያልኩሽ" አለች።