ቁልፍ ነቃይዋ ጀሚላ

እኔ የምሸጠው ዕቃ ሁሉ ብዙ ነገር ይችላል። ስፒከሮቼ ይዘፍናሉ፣ ያበራሉ፣ ሰዓት ይናገራሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፤ አንደኛውማ ፀጉር ይቆርጣል ቢሉኝ አልደነቅም። አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቃችን ውስጥ የፊተኛው መስታወት የእኔ ነው። የኋለኛው ጠረጴዛ ግን የጀሚላ ነው። እሷ ደግሞ ሥራዋ እኔ የሸጥኩትን ስፒከር ፈትታ ግማሹን ቁልፍ መንቀል ነው።

መጠገኛዋ የነበረው ካዛንቺስ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ማረፊያ አጥታ «ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ተስፋለም» ብላኝ መጣች። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን ካለ፣ አንዳችን ታመን የቀረንበት ቀን ነው።

ጀሚላ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ሴት ልጅን ይህን ሙያ ማስተማር በሐሳባቸውም አልነበረ፤ «ባትሪ ያዢልኝ» እያሉ አጠገባቸው ያቆሟት ነበር እንጂ። እሷም ባትሪውን ይዛ ሁሉንም አየች። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረ ዕለት የብየዳ ካውያውን ከእጃቸው ተቀብላ የጀመሩትን ቴፕ ጨረሰችው። «ምን አሉሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምንም። ባትሪውን እሳቸው ያዙልኝ» አለችኝ።

አዲስ ዕቃ ሳሳያት የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ቁልፍ ባይኖር ማን ያለቅሳል?» መልስ ካጣሁ ነገሩ አለቀ። ደንበኞቿ አብዛኞቹ መዝሙር፣ መንዙማና ስብከት የሚሰሙ አዛውንቶች ናቸው። ልጆቻቸው ከእኔ ገዝተው ይወስዱና በሳምንቱ ለእሷ ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ ንዴቴን ገምቱት።

ባለፈው ዓመት ሃበን የምትባል ሴት አንድ ስፒከር በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ለአባቷ ለጋሽ ወልዱ ከእኔ የገዛችው ነው። ጋሽ ወልዱ የለገሃር የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ አሁን ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም።

«አባዬ ከቤት አልወጣም ብሏል» አለች ሃበን፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራቸው ለቅሶ ሲሆን አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሌላው ወንበር ይሸከማል። ጋሽ ወልዱ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከዚህ አንዱንም አይችሉም። ስለዚህ የእሳቸው ድርሻ መዝሙር ሆነ። ማጫወቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ ለስለስ አድርገው ይከፍታሉ። ሰፈሩም ለምዶት «ጋሽ ወልዱ መጡ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤታቸው አቶ ደቻሳ ሲያርፉ ግን የድሮው ማጫወቻ ተበላሽቶ ነበርና የያዙት ይሄን የእኔን ጉድ ነው።

በስፒከሩ አናት ባለው ቁልፍ ላይ ኤም የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ጎልቶ ወጥቷል። ጋሽ ወልዱ ባቡር ላይ ፈረንሳይኛ የተማሩ ሰው ናቸውና በአውራ ጣታቸው ዳስሰው አነበቡት። «ኤም ማለት መዝሙር ነው» ብለውም ወሰኑ። እውነቱን ለመናገር ያ ቁልፍ የሚያደርገው መዝሙሩ ካለበት ሚሞሪ ወደ ብሉቱዝ፣ ከብሉቱዝ ወደ ኤፍ ኤም ሬዲዮ መውሰድ ነው። አንዱ መዝሙር ሲያልቅባቸው ኤምን ተጫኑ። አንዲት ሴት ከውስጥ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ደግመው ተጫኑ። ድንኳኑን የሰርግ ዘፈን ሞላው፣ ያውም ከነእልልታው። ሊያጠፉት ሲንደፋደፉ ድምፁን ጨመሩት። ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ከበር አልወጣም» አለች ሃበን። «ለጋሽ ደቻሳ አርባ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ለአርባው ካልሄደ፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ የማንም ደጅ አይረግጥም። አባቴን አውቀዋለሁ።»

እኔ የሱቄን ስም ለማዳን ቸኮልኩ። «ችግሩ እኮ የዕቃው አይደለም፤ ማለቴ፣ መመሪያውን ቢያነቡላቸው ኖሮ...»

ጀሚላ ቀና ብላ አየችኝ። «መመሪያው በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?»

በቻይንኛ ነው።

በዚያው ቀን ስፒከሩን ፈታችው። ኤምን ነቀለች፣ ብሉቱዙን ቆረጠች፣ ኤፍ ኤሙን ቆረጠች፣ መብራቱን አወጣች፣ ሴትዮዋንም ዝም አሰኘቻት። የቀረው አንዲት የምትሽከረከር ማስተካከያ ብቻ ነበረች። ወዲህ ስትዞር ይከፈታል፣ ስትጨምርላት ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ስትመልሳት ይጠፋል። የተነቀሉትን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ «ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ለጋሽ ወልዱ ምናቸው ነው?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሃበን ደወለች። አባቷ አሁንም አልሄድም ብለዋል፤ ዕቃውንም አልወደዱትም። ጀሚላ ካውያዋን ነቅላ ተነሳች። እኔም ላያት ጓጉቼ ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት። ታክሲ ይዘን ለገሃር ቤታቸው ወረድን።

ጋሽ ወልዱ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል። ስፒከሩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። «ግን ይሄ ዲዳ ነው። ስከፍተው ተከፍቶ ይሁን ባትሪው አልቆ አላውቅም። በሁለት መዝሙር መካከል ፀጥ ሲል ልቤ ይቆማል። ያቺ ሴትዮ የምትለው ባይገባኝም፣ መኖሯን አውቅ ነበር። ፈረንሳይኛ ብትናገር ኖሮ እንግባባ ነበር። አሁን ይሄን ይዤ ሰው መሀል ገብቼ ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ ልቀመጥ? አይሆንም።»

በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። «አላልኩሽም ነበር?» አልኳት በሹክሹክታ።

ጀሚላ ዓይኗን ጨፈነች። ስፒከሩን ከእሳቸው ተቀብላ ማስተካከያውን ዳስሳ ከፈተችው። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ አድርጋ ዓይኗን ገለጠች።

«ተሳስቻለሁ ጋሼ» አለች። «እኔ የሚያይ ሰው ዕቃ ነው የሠራሁልዎ።»

አሥራ ስምንት ዓመት ስነግድ «ተሳስቻለሁ» የምትለውን ቃል ለአንድ ደንበኛ ተናግሬ አላውቅም። እሷ ግን እኔ ከአጠገቧ ቆሜ እየተሳለቅኩባት እንኳ ለማለት አልከበዳትም። በዚያች ደቂቃ በጣም አከበርኳት፤ በእርግጥ አልነገርኳትም።

በማግስቱ የእያንዳንዱን መዝሙር ስም በአማርኛ የሚናገር ድምፅ ከመዝሙሩ በፊት ልታስገባ ተነሳች። መጀመሪያ እኔን ቀዳችኝ። ድምፄ ያምራል ባይ ነኝ። ለጋሽ ወልዱ በስልክ ስናሰማቸው ግን «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር ሊሸጥልኝ ነው» አሉ። ስለዚህ ራሷ ተናገረች። ስድሳ ሁለት መዝሙር ነበር። እሷ አንዱንም አታውቀውም፤ ሃበንን በስልክ እየጠየቀች፣ ስሙን በወረቀት እየጻፈች፣ እየተለማመደች አራት ቀን ፈጀባት። ሲከፈት «በርቷል ጋሼ» ይላል። ከዚያ የመዝሙሩን ስም ይጠራል። ሚሞሪው ላይ ያለው ሁሉ ሲያልቅ «እዚህ ላይ አበቃ» ይልና ዝም ይላል።

«ጨመርሽ እኮ!» አልኳት። «አንቺ ራስሽ አዲስ ነገር ጨመርሽ!»

«ዕቃ ስንት ነገር መቻሉ አያስጨንቀኝም» አለችኝ። «ለያዘው ሰው የት ላይ እንዳለ ካልነገረው ነው የሚያናድደኝ። የአንተዎቹ ይለፈልፋሉ እንጂ አይናገሩም።»

ጋሽ ወልዱ ለአርባው እንሂድ ሲባሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ጀሚላ አብራቸው እንድትሄድ። ሄደች። እኔም ሄድኩ፤ የሸጥኩት እኔ ነኝና። ከቤታቸው እስከ አቶ ደቻሳ ቤት መቶ እርምጃ አይሞላም። ጋሽ ወልዱ ግን ሦስት ጊዜ ቆሙ። በሦስተኛው «እንመለስ» አሉ። ጀሚላ ክንዳቸውን እንደያዘች ጠበቀቻቸው። ከዚያ ራሳቸው ተራመዱ።

የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሜቲ ገና ከበሩ ሲያዩዋቸው ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ሜቲ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዱ። «ያን ዕለት ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«የቱን ነገር?»

«ዘፈኑን ነዋ። በደቻሳ ለቅሶ ላይ ያን ዘፈን...»

ወይዘሮ ሜቲ ግራ ተጋብተው ሃበንን አዩ፣ እኛንም አዩ።

«የምን ዘፈን ጋሼ? እኔ ያን ቀን ምንም አልሰማሁም» አሉ። «ቅር ያለኝስ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ ሲጠይቀኝ እርስዎ ሲቀሩብኝ፣ ምን ብንበድላቸው ነው እያልኩ ነበር።»

ወይዘሮ ሜቲ የጋሽ ወልዱን እጅ ይዘው ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ጀሚላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ እንኳ ዓይኔን የሆነ ነገር ቆጠቆጠው።

ጋሽ ወልዱ ስፒከሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ልክፈትልሽ?» አሉ።

«ይክፈቱልኝ ጋሼ» አሉ ወይዘሮ ሜቲ።