ካሜራዬን አልከፍትም ያልኩበት ቀን

በደርግ ዘመን መገባደጃ፣ በአንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ሲማዳ ውስጥ በስምንት ወፎች ምክንያት ልታሰር ነበር። ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያችን ቀን ግን አልረሳትም፤ ያን ዕለት የፈራ ሰው ቢኖር እኔ አልነበርኩምና።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዲት አሮጌ የሩሲያ ካሜራ ገዝቼ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ። ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። እበልጥሃለሁ የሚል ካለ ሥራውን ያሳየኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ከወገዳ በታች ያለው ወንዝ ይጎድልና ዳርቻው ላይ አሸዋ ይተዋል። እዚያ አሸዋ ላይ እግራቸው እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነ፣ ምንቃራቸው እንደ ወስፌ የረዘመ ወፎች ይመጣሉ። የውሃውን ጠርዝ ይዘው እየሮጡ ምንቃራቸውን እርጥቡ አሸዋ ውስጥ እስከ ግንባራቸው ይሰኩና ትል መዘው ያወጣሉ። ሰው ካዩ ይበራሉ። የእኔ ካሜራ ደግሞ ሩቁን አያቀርብም። ስለዚህ አሥር ጠዋት ጭቃ ተቀብቼ ቄጠማ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ፤ በየቀኑ አንድ ክንድ እየቀረብኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ስምንቱም ፊቴ ሲበሉ አነሳኋቸው።

ከቄጠማው ስወጣ ሽጉጥ የታጠቀ ወጣት ካድሬና የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር አያ ዓለሙ ቆመው ጠበቁኝ። ወፎቹ የሚበሉበት ቦታ የወንዙ መሻገሪያ፣ መልካው ነበር።

«መልካውን ለወንበዴ ታነሳለህ» አለኝ ካድሬው።

«ያነሳሁት ወፍ ነው።»

«ክፈተውና ልየው።»

ካሜራው ሲከፈት ፎቶው ውስጡ ተለጥፎ የሚገኝ መስሎታል። «ብርሃን ከነካው ይጠፋል፤ የሚታየው ታጥቦ ነው» አልኩት።

አያ ዓለሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ሞኝ፣ እንዲያውም ይክፈተው። ከጠፋ በምን ይከስሃል?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ብከፍተው ነፃ ነኝ፤ ወፎቹ ግን የሉም። «እሰረኝ፤ ካሜራውን ግን አልከፍትም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ካላመንከኝ ቤቴ እንሂድና አጠገቤ ቆመህ ልጠበው። ጨለማ ውስጥ ነው የሚታጠበው።»

«ጨለማ ውስጥ ምኑን አየዋለሁ?»

አያ ዓለሙ ሳቀ። ካድሬው ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ካድሬው «ምራኝ» አለኝ።

የማጠቢያ ክፍሌ መስኮት የሌላት ጓዳ ነበረች። ሦስታችን ገባንና በሩን በብርድ ልብስ ደፈንኩት። ካድሬው እንዳላመልጥ ቀበቶዬን ከኋላ ጨምድዶ ያዘ።

ሰዓት አልነበረኝም። ፊልሙ መድኃኒቱ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የምለካው በልጅነቴ በቤተ ልሔም የቄስ ትምህርት ቤት በተማርኩት የግዕዝ ጸሎት ነበር። አንዴ ከዳር እስከ ዳር ስደግመው ፊልሙ ይደርሳል። ካነሰ ይነጣል፤ ከበዛ ይጠቁራል። ይህን ያገኘሁት ራሴ ነኝ።

ፊልሙን ነክሬ ጀመርኩ።

«ጸሎት ነው እንዴ? አቁም» አለ ካድሬው።

በዚያ ዘመን ካድሬ ፊት ጸሎት ማሰማት ሌላ ክስ ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ቀበቶዬን ጎተተው፤ የባሰ ከፍ አደረግሁ።

መሀል ላይ የመድኃኒቱ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘውና ሳል አፈነኝ። ጸሎቱ ተቋረጠ። አሥራ አንድ ጠዋት ገደል ገባ አልኩ በልቤ።

ያኔ ሌላ ድምፅ ካቆምኩበት ቃል አንስቶ ቀጠለ። ዝግ ብሎ፣ አንድ ፊደል ሳይስት፣ እስከ መጨረሻው ደገመው። አያ ዓለሙ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም። ቀበቶዬን የያዘው እጅም ላላ ብሎ ነበር።

ፊልሙን በሁለተኛው መድኃኒት አጽንቼ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ማንም የማንንም ፊት አላየም። ካድሬው ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ ብዙ ቆየ። ስምንቱ ወፎች እግራቸው እንኳ ይቆጠራል፤ መልካው ከኋላቸው ደብዝዞ ጉም መስሏል።

«ይቺኛዋ ትል እየጎተተች ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ለዚች ነው አሥራ አንድ ቀን ጭቃ ላይ የተኛኸው?» አለኝ አያ ዓለሙ።

«ለዚች ነው።»

ካድሬው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ «እዚህ ውስጥ የሰማኸውን አልሰማህም» አለኝ።

«የአንተን አልሰማሁም። የእኔን ግን ሰምተሃል፤ ነገም እደግመዋለሁ» አልኩት። መንገዱን ያዘ።

ስሙን ለማንም አልነገርኩም፤ ዛሬም አልጽፈውም። አያ ዓለሙ ግን እስኪሞት ድረስ ሞኝ እንዳለኝ ነበር። ይበለኝ። ያን ቀን ካሜራውን ብከፍተው ወፍ አነሳሁ ባይ ውሸታም ሆኜ እቀር ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ የስልካችን ፎቶ ከዚህ ይጠራል ሲሉኝ፣ ስንት ጠዋት ጭቃ ላይ ተኛችሁ ብዬ ዝም አሰኛቸዋለሁ። ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ነው፤ ያቺ ወፍም ትሏን አልለቀቀችም።