የእናቴ ጠላ ቤት የተዘጋ ዕለት

ባለፈው እሑድ እዚህ ዳንግላ የሰፈራችን ሰው ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አንድ ባለሀብት ከመኖሪያ ቤቶቻችን መሀል ቀን ካፌ፣ ማታ ቢራ ቤት የሚሆን ነገር ልክፈት ብሎ ስለጠየቀ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ልንል ነው የተሰበሰብነው። ወጣቶቹ ሥራ ይፈጥራል አሉ። እናቶች ደግሞ ልጆቻችን መቼ ይተኛሉ፣ መቼ ያጠናሉ አሉ። በዕድሜ ስለምበልጣቸው መሰለኝ ሰብሳቢው እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ አለኝ። ቆይ ልጄ አልኩት። እንዲህ ያለ ስብሰባ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያኔ የተነሳው ጉዳይ የእናቴ ቤት ነበር።

እንጅባራ ነው ያደግሁት። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ የሻረግ የገብስ ጠላ እየጠመቀች፣ አረቄም እያወጣች፣ በር ላይ ጣሳ ሰቅላ ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ከዘንገና በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን አጥራችን ላይ አስረው ሲጠጡ ይውላሉ። አሁን ሳስበው ጎረቤቶቻችን ያማረሩት በከንቱ አልነበረም። ፈረሶቹ የሰው ድንች ይረግጣሉ፤ የሰከረው አጥር ሥር ይሸናል። እኔ ራሴ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነበር የማጠናው። የጌሾው ሽታ ከደብተሬ አይለቅም። ያን ቤት አልወደውም ነበር፤ ግን የምበላውም የምማረውም በዚያው ቤት ነው።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ሊቀመንበር አያ ፈንቴ በእናቴ ጉዳይ ስብሰባ ጠሩ። የእንጅባራን ክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከጀመረ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መነጋገር የሚባል ነገር የለም። ያን ሁሉ ሰው የሚችል የቀርከሃ አግዳሚ ያለው ደግሞ እኛ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤታችንን ለመዝጋት እኛው ቤት ተሰበሰቡ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ቤቷ የገባ ሰው ባዶ አፉን አይወጣምና ለበዓል ያሰበችውን ጠላ ከፈተች፤ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበች። እህሌን ቀምሰው አይጨክኑብኝም አለችኝ። ሞኝነቷ ይኸው ነበር። የአገሬ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እህል ውሃ ሰውን ያስራል ብሎ ያምናል።

ጠጡ። ዘንድሮ ጠላሽ ሰምሯል ብለው አመሰገኗት። ከዚያ እየተነሱ ሰፈሩ በመጠጥ እንዴት እንደተበላሸ ተናገሩ። አንደኛው ምሬቱን ጨርሶ ሲቀመጥ ይደገመኝ ብሎ ዋንጫውን ዘረጋ፤ እናቴም ቀዳችለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። አባቴ ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ቃል ባልተናገሩ ነበር።

በመጨረሻ እናቴ መቅጃዋን አስቀምጣ መሀል ቆመች።

"ዝጊ ካላችሁኝ እዘጋለሁ" አለች። "በምን ትኖሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልሰማሁም።"

አያ ፈንቴ ጢማቸውን ጠረጉ።

"እሱን እንግዲህ እግዜር ያውቃል፣ የሻረግ።"

ይህን ብለው ይዘጋ የምትሉ እጅ አውጡ አሉ። ሰዎቹ በግራ እጃቸው ዋንጫ እንደያዙ ቀኝ እጃቸውን አወጡ። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት እኔ እዚህ ዳንግላ ዘመድ ቤት የሰው ልብስ አጥብ ነበር። እናቴ ግምጃ ቤት ከተማ ወንድሟ ጓዳ ገባች። የቤቷ እመቤት የነበረች ሴት እዚያ እንደተሳቀቀች ኖራ ሞተች። የሰፈራችን ወንዶች መጠጥ አልተዉም፤ ሌላ ሰፈር እየሄዱ ጠጡ።

የእሑዱ ሰብሳቢ አሁንም መልሴን ይጠብቅ ነበር። ተነሳሁና ጥግ ወደተቀመጠው ባለሀብት ዞርኩ።

"ልጄ፣ ብንከለክልህ በምን ትኖራለህ?"

ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ በትሕትና ነው የመለሰልኝ።

"አያስቡ እማማ፣ ሌላ ቦታ እከፍታለሁ።"

እንግዲያውስ እዚህ አይከፈት አልኩና እጄን አወጣሁ። የሕፃናቱ እንቅልፍ ይበልጥብኛል፤ በዚህ አልጸጸትም። ስቀመጥ ግን እንባዬ መጣ። እናቴን ያን ዕለት አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋት ቢሆን ኖሮ፣ ቤቷ መዘጋቱ ባይቀርም እንኳ፣ ከዚያ ሰፈር እንደ ሰው ተቆጥራ ትወጣ ነበር።