በአንድ ትንፋሽ ሦስት ረድፍ

በልጅነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ መወፈር ጤና ነበር። ከወራት ሕመም በኋላ ጉንጮቼ ሲሞሉ እናቴ ስለቷን አስገባች። ጎረቤቱም ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነችልሽ!» አላት።

ሕመሙ የጀመረው ከዓይኔ ቆብ ነው፤ ሐምራዊ ሆነ። አስተማሪዬ ኩል የተኳልኩ መስሏት አንበረከከችኝ። ተነሺ ስትለኝ ግን ጭኖቼ እምቢ አሉ። ሐኪም ቤት የነበረው ኩባዊ ሐኪም በአስተርጓሚ ለእናቴ አስረዳት፦ የልጅሽ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እንደ ጠላት እየወጋ ነው፤ ይህን ክኒን ትዋጥ፣ እኔ ሳልል እንዳታቋርጥ።

ክኒኑ እግሬን አቆመልኝ፤ ፊቴንም እንደ ሙልሙል ነፋው። እናቴ ይህን ስታይ «እንዲህ የወፈረች ልጅ ክኒን ምን ያደርግላታል?» ብላ ብልቃጡን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለችው። እኔም ጮቤ ረገጥኩ፤ ሲበዛ መራራ ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ለእኔ የደገሰው ጎረቤታችንን ነው፤ ቀፊራ ገበያ እህል የምትሸጥ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አዴ» የሚላት ሴት። ማንበብ የማይችል ሁሉ ፊደል ይቁጠር የተባለበት ዘመን ስለነበር፣ ከገበያ ስትመለስ አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። ልማዳችን ሦስት ረድፍ በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ከሀ ተነሥተን የሐ ረድፍ መጨረሻ ላይ ማረፍ። አንድ ቀን የሐን ረድፍ ሳልጨርስ አየር አጠረኝ። በሳምንቱ ለ ላይ ቆምኩ፤ ደረቅ ሳልም ያዘኝ። አዴ ደብተሯን ዘግታ ወደ እናቴ ሄደች።

«አቦ፣ ይቺ ልጅ አልዳነችም። በፊት ሦስቱንም ትጨርስ ነበር፣ ዛሬ ለ ላይ ቆመች። ወላሂ፣ ትንፋሿ እያለቀ ነው።»

እናቴ የሰው ዓይን ይበላል ብላ የምታምን ሴት ነበረች። «የልጄ ማማር ነው የከነከነሽ? ዓይንሽን አንሺላት!» አለቻት። እኔ በእናቴ ፋንታ በኀፍረት ሞትኩ። አዴ ግን ኩርፊያ አታውቅም፤ ወጥታ ጋሪ ይዛ መጣች።

«ስድቡን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ። ልጅቷን ይዘሽ ውጪ!»

ኩባዊው ጀርባዬን አዳምጦ ሕመሙ ሳንባዬ መግባቱን ነገረን። ሳምንታት ተኛሁ፣ ክኒኑም ተመለሰ፣ ዳንኩ። አዴ በየቀኑ ሾርባ እያመላለሰች ጠየቀችኝ። ዛሬ የምተነፍሰው አየር ሁሉ የእሷ ስጦታ ነው፤ እንደማመሰግናትም በሕይወት ሳለች ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

እናቴም እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻት። ራሷን ግን ይቅር አላለችም። ዳገት ስወጣ ሳለከልክ ባየች ቁጥር «እኔ ነኝ የጎዳሁሽ» ትላለች። ይህን ስሰማ አደግኩ፣ ወለድኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደሜ ተመረመረ። የመረመረችኝ ሐኪም ስታስረዳኝ፣ የገዛ ሰውነትን የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የእኔው ሳንባን የሚከጅል ነው፤ ክኒኑ ባይቋረጥም ምናልባት ወደዚያው መሄዱ አይቀርም ነበር። ማቋረጡም የራሱን ጉዳት ጨምሯል አለችኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ግን ለራሴ አስቀረኋት፤ አልጸጸትም።

ድሬ ሄጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ነገርኳት። እጄን ያዘች።

«ታዲያ እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም፣ እማዬ። ደሜ ነው።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት።